ሰባት ቁልፍ

ገና አልነጋም ዊኒፔግ፣ መስኮቱን ውርጭ ሸፍኖታል፤
ዴልመር ካልጋው ጠርዝ ቁጭ ብሎ ሸሚዙን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል።
ሰማያዊ ነው፣ ባለ መስመር፣ ሰባት ቁልፍ አለው ከነአንገቱ፤
ለእኔ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ፣
ለእሱ ግን ሥራ ነው፣ የጧቱ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።
እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ፣
እንዳይቀድመው ብዬ።

ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም።
በመጀመሪያው ክረምቴ ሦስት ሰው አጥቤ፣ ሦስት ሰው አልብሼ፣
ኪኒን ቆጥሬ፣ ፈርሜ፣ አጃ አማስዬ አቅርቤ ጨርሼ፣
ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናው ጡሩንባውን ሲነፋ
ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም በሰዓቱ፣ አንዲት ቁልፍ ሳትጠፋ።
መዝገቡ ላይ «ለብሷል» እላለሁ።
እውነት ነው፣ ለብሷል።
ማን እንደለበሰ መዝገቡ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ቆልፌው ዞር ስል
ዴልመር ከላይ ጀምሮ ፈታ።
አንድ በአንድ። ሰባቱንም።
አልጮኸም፣ አልተራገጠም፣
ፈታና ከታች እንደ አዲስ ጀመረ፤
መኪናውም ጥሎት በረረ።
የዚያን ዕለት «እምቢታ አሳይቷል» ብዬ ጻፍኩ።
ገጹ አሁንም አለ። በእኔ እጅ ጽሑፍ።

እኅቱ ዊልማ ነገረችኝ ኋላ፣ በስልክ፣ በገና ሰሞን፦
ሃያ ሁለት ዓመት በኖረበት፣ ከከተማ በራቀው ትልቅ ግቢ
ሸሚዝ ሁሉ በራስ የሚጠለቅ ነበር፣
ልክ የሌለው፣ የማንም ያልሆነ፣
ሰኞ የዴልመር፣ ማክሰኞ የሌላ፣
ቁልፍ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ።
ቁልፍ የነበረው በሩ ብቻ ነው፤
እሱም በሰው ወገብ ተንጠልጥሎ።

ስልኩን ዘግቼ ወገቤን ዳበስኩ፦
የመድኃኒቱ፣ የቢላዋው መሳቢያ፣ የፍሪጁ።
ፍሪጁ ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቅኩ፤
ከአራት ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ነው አሉኝ፣
ስኳር ነበረበት።
ማንም ሳይከፍተው ቀረ፣ ማንም አላዘዘም።
በማግስቱ ከፈትኩት። ዴልመር ገባ፣
አንድ ዕንቁላል አወጣ፣ አየው፣ መለሰው።
ሌላ ምንም አልፈለገም።

ባለፈው ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሄደ፤
ከሱቅ ገንዘብ ያዥ ያነሰ እየተከፈለው ማን በፈቃዱ ይከርማል?
ዴልመር ስም ማጥናቱን ትቷል፤
ሁላችንንም «አዲስ ሰው» ይለናል።
እኔንም ጭምር። ሦስት ዓመቴ ነው።

ዛሬ የጥራት መርማሪዋ መጥታለች፣
ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲዋ፣ ታብሌቷን ታቅፋ።
የውሃውን ሙቀት ለካች፣
የእሳት ማጥፊያው ቀኑ እንዳላለፈ አየች፣
ፊርማና ኪኒን አመሳከረች።
ይሁን፣ ይገባል፤ የሚያቃጥል ውሃ ቀልድ አይደለም።
ኋላ ግን ከጎኔ ቆማ፣ ሰዓቷን አይታ፣
«አታግዢውም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።
«እያገዝኩት ነው» አልኳት፣
እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ።

ጣቷ ታብሌቱ ላይ ተንጠለጠለ፤
ለዚህ የሚሆን ሳጥን ፈልጋ አጣች።
ቆይታም ዝቅ አደረገችውና
እሷም ማየት ጀመረች።

ሦስተኛዋ ገባች። አራተኛዋ አመለጠች፤
ምላሱን በጥርሱ ይዞ መለሳት።
አምስት።
ውጭ ጡሩንባው ተነፋ።
ይነፋ።
ስድስት።
ሰባተኛዋ አንገቱ ሥር ናት፤ ዓይኑ አያያት፣ ጣቱ አይጨብጣት፤
ሁለት ጊዜ ሞከራት፣ ተዋት።
እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ወደ በሩ ዞረ።
«አዲስ ሰው» አለኝ፣
አገጩንም ቀና አደረገልኝ።